ሠላሳ አንደኛው ፋይል

«ሁለት መቶ አሥራ አንድ ቀን» አለች ሽቦ፣ የሰርቨሩን ክፍል በር በጀርባዋ ደገፍ ብላ። «ሁለት መቶ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሰርቨሬ አንዴ እንኳን ዓይኑን አልከደነም። ከናንተ ውስጥ ይህን ያህል ቀን ሳይተኛ የሠራ ካለ እጁን ያውጣ።»

እጁን ያወጣ የለም። የመጋዘኗ ጸሐፊ አፏን ይዛ ሳቀች። የጭነት ክፍሉ ኃላፊ ግን ብርድ ልብስ የሚጫንባቸው ሁለት መኪኖች ደጅ ቆመውበት ስለነበር፣ «አንቺ ልጅ፣ ከዚህ ሰርቨርሽ ጋር ተጋቢና ገላግይን» ብሎ ወረቀቱን እያራገበ ወረደ።

ሽቦ ያሏት ለቅጥነቷና ከትከሻዋ ለማይወርደው ኬብል ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካው አርባ ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚነጋገሩት እሷ በምትጠብቀው በአንድ ሰርቨር በኩል ነው። ትዕዛዝ ሲገባ፣ ጨርቅ ሲቆረጥ፣ ዕቃ ሲጫን ሁሉም እሱን ይጠይቃል። እሱ ካልመለሰ ፋብሪካው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ድሮማ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አርባውም ሰው አንድ ላይ ሲከፍት፣ ምግብ እንደተሰነቀረበት ሰው ያንቀው ነበር። ሴቲንጉን አንድ በአንድ ፈትታ ያስተካከለችው እሷ ናት፤ ባንድ ጊዜ ስንት ሰው ያስተናግድ፣ ጠይቆ ዝም ያለውን ስንት ሰከንድ ይጠብቅ፣ የየዕለቱ መዝገብ ምን ያህል ሲሞላ ይጠረግ። ይህን ማንም አላስተማራትም። ሌላው ሲሸሸው እሷ ነካካችው፣ በቃ። ታዲያ ብትጎርር ምን ይገርማል።

የዛሬው ጉራዋ ግን ውስጡ ባዶ ነበር። አፏ ስለ ሰርቨሩ ያወራል፣ ዓይኗ ኮሪደሩን ይጠብቃል፣ እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏል። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ የፋብሪካው ባለቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው ሴትዮ፣ ሰርቨሩን ከሚፈትሽ ባለሙያ ጋር ይመጣሉ። አብሯቸው የወንድማቸው ልጅ ይመጣል፣ በሌላ ከተማ ያለው ቅርንጫፍ ኃላፊ። ሽቦ «ቅርንጫፌ» የምትለው። በሆዷ ነው እንጂ፣ በአፏማ ለማን ትላለች።

ስምንት ወር አላየችውም። አሥራ ዘጠኝ ቀን ደግሞ አንዲት ቃል አልመለሰላትም። ዛሬ ለአክስቱ «እሄዳለሁ» ወይም «አልሄድም» ብሎ ይመልሳል። ከሄደ ባሕር ማዶ ነው፣ ከሄደ ሦስት ዓመት ነው፣ ከሄደ ደግሞ እዚያ የምትጠብቀው ሴት አለች። ሽቦ በሩን ዘጋችና የተጠቀለለውን ኬብል ፈትታ እንደገና ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ ጠቀለለችው። ልቧ ግን አልጠቀለል አለ።

*

ነገሩ የተጀመረው በክርክር ነው።

ያኔ ቅርንጫፉን ከዋናው ሰርቨር ጋር ለማገናኘት ለአራት ቀን መጥቶ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወንበር አጣብቀው ሠሩ። የእትዬ የወንድም ልጅ ነው ሲሏት ሽቶውና ኩራቱ ከሩቅ የሚሸት ሰው ጠብቃ ነበር። የመጣው ግን እጅጌውን የሰበሰበ፣ ሲያስብ የእስክሪብቶ ክዳን የሚያኝክ፣ ሲሳቅበት ቀድሞ የሚስቅ ሰው ሆነ። አራቱን ቀን የተጣሉት በአንድ ቁጥር ነው። ጠይቆ ዝም ያለውን ሰው ሰርቨሩ ስንት ሰከንድ ይጠብቀው? እሷ ስልሳ አለች፣ እሱ አሥር።

«ዝም ላለ ሰው ስልሳ ሰከንድ ቦታ ከተያዘለት፣ የቸኮለው የት ይቁም?» አላት።

«የመጋዘኗ ጸሐፊ በሁለት ጣቷ ነው የምትጽፈው። በአሥር ሰከንድ ከዘጋህባት ታለቅሳለች።»

«ታልቅስ። ፍጥነት ትማርበታለች።»

«አንተ አጠገቧ አትቀመጥ። ለቅሶውን የምሰማው እኔ ነኝ።»

ሠላሳ ላይ ታረቁ። እሱም በአውቶቡስ ሰባት ሰዓት ወደሚያስኬደው ከተማው ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ሽቦ ሴቲንጉን ስትከፍት ከሠላሳው ቁጥር ጎን እሷ ያልጻፈችው መስመር አገኘች። እዚያ ፋይል ውስጥ በመሰላል ምልክት የሚጀምረውን መስመር ማሽኑ አያነበውም፤ ሠራተኛ ለሠራተኛ ማስታወሻ የሚተውበት ነው። «ሠላሳውም በዛ። ግን ጸሐፊዋ እንዳታለቅስ» ይላል።

ፊቷ እሳት ሆነ። ከሥሩ «አንተም እንዳታለቅስ» ብላ ጻፈችና ቶሎ ዘጋችው፣ ሰው ያያት ይመስል።

ከዚያ ወዲያ ማስታወሻው ከሴቲንጉ በለጠ። ስልክ ምን ሠራ የሚል ይኖራል። የሽቦ ስልክ የሷ ብቻ አይደለማ። ቤት ውስጥ ከእናቷና ከሁለት እህቶቿ ጋር ነው የሚጋሩት፤ መልእክት ሲገባ ቀድሞ ያየው ጮክ ብሎ ለሁሉም ያነባል። የሴቲንጉ ፎልደር ግን ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ብቻ ነው፣ በሷና በሱ። እና ማስታወሻው ሲረዝም ሽቦ መላ አመጣች። ደብዳቤ ሁሉ የራሱ ፋይል ይኑረው፣ ተራ ቁጥር ይሰጠው፣ እዚያው ሴቲንጎቹ መሃል ይቀመጥ፣ የስሙም መጨረሻ ልክ እንደ ሴቲንጎቹ ይሁን። «ማንም ቢያይ ሥራ ነው የሚመስለው» ብላ ጻፈችለት። «እንደኔ ያለ ብልህ በየትኛው ቅርንጫፍህ ታገኛለህ?»

አንደኛውን እሷ፣ ሁለተኛውን እሱ፣ ሦስተኛውን እሷ፣ አራተኛውን እሱ እያሉ ሠላሳ ደረሱ። ሠላሳኛው ላይ ሳቁ ቆመ።

«አክስቴ ባሕር ማዶ ያለው ሸሪኳ ዘንድ ለሦስት ዓመት ልትልከኝ ነው» ይላል። «ለሥራ ነው ትላለች፤ ሸሪኩ ያላገባች ልጅ እንዳለችው ግን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ አብረን እዚያ እንመጣለን፣ ያን ቀን መልስ እሰጣታለሁ። አንቺ አንድ ቃል ብቻ በይኝ፤ ሂድ ወይም አትሂድ።»

የሽቦ ልብ ወዲያው «አትሂድ» አለ። ጣቷ ግን ሦስት ቀን ቆየ። ትንሽ ይንቆራጠጥ ብላ ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበራትም። እስከዚያው እጇ ሥራ አይፍታ ብላ ባለሙያው አስቀድሞ የላከውን ወረቀት አነሳች፤ ሰርቨሩን ለማጠንከር መደረግ ያለበት አሥራ አራት ተራ ቁጥር። ሌላው ሳምንት የሚፈጅበትን እሷ በአንድ ረቡዕ ጠዋት እያፏጨች ጨረሰችው። ሐሙስ ደግሞ ሠላሳ አንደኛውን ደብዳቤ ጻፈች። ከተወለደች ጀምሮ እንደዚያ ጉራዋን አውልቃ የጻፈችው ነገር የለም።

መልስ አልመጣም። ዓርብ አልመጣም፣ ሰኞ አልመጣም። ፎልደሩን በቀን ሃያ ጊዜ ትከፍታለች፤ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ አንድ፣ ያው ሠላሳ አንድ። መጀመሪያ «ስላስጠበቅኩት ሊቀጣኝ ነው» አለች። ቀጥላ «አሞት ይሆን?» አለች። በመጨረሻ ግን የቅርንጫፉን ጸሐፊ በሥራ ሰበብ ደውላ ስትጠይቃት፣ «እሱማ ደህና ነው፣ ፓስፖርቱን ሊያሳድስ ሄዷል» አለቻት።

ስልኩን አስቀመጠች። ለምና አልተሰማችም። ከዚህ በላይ ምን ውርደት አለ?

*

የእትዬ ጫማ ከራሳቸው ቀድሞ ደረሰ፤ ኮሪደሩ ላይ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። አጠር ያሉ፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሴትዮ ናቸው። ከኋላቸው ሽበታሙ ባለሙያ ቦርሳውን አቅፎ ይራመዳል። ከሱ ኋላ እሱ።

ከስቷል። ሽቦ ለዚህች ደቂቃ ሦስት ስድብና አንድ ፈገግታ አዘጋጅታ ነበር፣ አራቱም ጠፉባት። እሱ ኬብሉን አየ፣ የግድግዳውን ሰዓት አየ፣ ማራገቢያውን አየ። እሷን ብቻ አላየም። አንዴ ግን፣ ባለሙያው ቦርሳውን ሲከፍት፣ ዓይናቸው ተጋጨ። የተጋጨውም እንደ ሰው ትከሻ ነው፤ ሁለቱም ይቅርታ የሚጠይቁ መስለው ዞር አሉ።

እትዬና ባለሙያው ሰርቨሩ ዘንድ ሲቆሙ፣ እሱ በሩ አጠገብ ካለው የውሃ ማሽን ብርጭቆ ሞላ። ሽቦም ድንገት ውሃ ጠማት።

«ደህና ነሽ?» አለ። ለማያውቁት መንገደኛ የሚባለውን ደህና ነሽ።

«ሰርቨሩ ደህና ነው።»

«ስለሱ አልጠየቅኩም።»

«አንተ ደግሞ ስለ ምን ጠይቀህ ታውቃለህ?» አለች፣ ድምፅዋን አፍና። «አሥራ ዘጠኝ ቀን።»

«ጠይቄማ ነበር። መልሱም ደርሶኛል።»

ደርሶታል። ደርሶትም ዝም ብሏል። ብርጭቆዋን ከማሽኑ ሥር ደቀነች። «እና ምን ወሰንክ?»

«በር ሲዘጋበት የማይገባው ሰው አለ?» አለ ወለሉን እያየ። «እሄዳለሁ እላታለሁ። ምን እንድላት ትፈልጊ ነበር?»

የቱን በር ነው የሚለው? ልትጠይቀው ነበር፣ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያን ደብዳቤ ያነበበ ሰው ይህን ከጠየቃት፣ ከዚህ በላይ ምን ብላ ትለምነው? «እኔ ምን አግብቶኝ» አለች።

እሱም አንገቱን ነቀነቀ፣ የጠበቀውን እንደሰማ ሰው። ውሃውን ሳይጠጣ አስቀመጠው። ሽቦ የሷን ጨለጠችው።

*

«ሁለት መቶ አሥራ አንድ ቀን ሪስታርት አልተደረገም» አለ ባለሙያው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ ስክሪን እያየ።

«አዎ ጋሼ» አለች ሽቦ። በዚህ ሁሉ መሃል እንኳን ደረቷ ትንሽ ነፋ አለ።

«ይሄ ጥሩ ወሬ አይደለም።»

«እንዴት ማለት?»

«ወድቆ የማያውቅ ሰርቨር መነሳት መቻሉን ማን አየ? መብራት የጠፋ ቀን ነው የምታውቂው፣ ያን ቀን ደግሞ ረፍዷል።» ባለሙያው ሲናገር አይቸኩልም፣ እንደ ጥሩ ሐኪም ነው። «ደግሞ ሴቲንጉን የሚያነበው ሲነሳ ብቻ ነው። ከዚያ ፎልደር ውስጥ ስሙ እንደ ሴቲንግ የሚያልቀውን ፋይል ሁሉ አንድ በአንድ ያነባል። በዚህ ሁሉ ቀን ምን ገብቶ እንደተኛበት እሱም አያውቅ፣ አንቺም አታውቂ። አሁን ዘግቼ አስነሳዋለሁ።»

ሽቦ ክው አለች። ምን ገብቶ እንደተኛማ ከሷ በላይ ማን ያውቃል። የስሙ መጨረሻ እንደ ሴቲንጎቹ ይሁን ያለችው ማን ሆነና። ወደ በሩ ብታይ እሱም ቀና ብሏል፤ እሱም ገብቶታል። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተያዩ፣ አብረው ገደል የሚገቡ ሁለት ሰዎች እንደሚተያዩት።

«ዛሬ እንኳን ቢቀርስ?» አለች። «ደጅ የሚጫኑ መኪኖች አሉ።»

«አምስት ደቂቃ ነው ተብያለሁ» አሉ እትዬ። «ዝጋው።»

ባለሙያው ዘጋው። የሰርቨሩ ማራገቢያ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ አለ። ሽቦ ያን ክፍል ጸጥ ብሎ ሰምታው አታውቅም። ከዚያ ባለሙያው አስነሳው፤ ማራገቢያው ጮኸ፣ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወረደ፣ ወረደ፣ ድንገት ቆመ። አንድ ቀይ መስመር ወጣ። ይህን ትዕዛዝ አላውቀውም ይላል፣ ቀጥሎም ያላወቀውን መስመር እንዳለ አስቀምጦታል።

እትዬ መነጽራቸውን አጠለቁ። እሳቸው ጮክ ብለው ካላነበቡ ነገር አይገባቸውም።

«‹እንግዲህ ቦታ ሰጥቼሃለሁ፤ አሁን በወጉ ተከራከረኝ›» ብለው አነበቡ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«የቅርንጫፉ ግንኙነት ነው እትዬ» አለች ሽቦ። ውሸት አይባልም።

ባለሙያው ቅንድቡን አነሳ። ፋይሉን አውጥቶ ለብቻው አስቀመጠና እንደገና አስነሳው። ሁለተኛው ቀይ መስመር ወጣ።

«‹ቦታው ይበቃኛል። ሥራው ግን አልሄድ አለኝ፣ የአንቺ ወንበር ባዶ ነው።›»

ስልኩ ጮኸ። ጭነት ክፍል ነው፤ ሥራ ቆሟል፣ ምን ተፈጠረ? ሽቦ «አምስት ደቂቃ» ብላ ዘጋች። መጋዘን ደወለ። «አምስት ደቂቃ።» ቆረጣ ክፍል ደወለ። «አልኩ እኮ፣ አምስት ደቂቃ።»

«ጋሼ፣ እነዚህን አንድ ላይ ጠራርጎ ማውጣት አይቻልም?» አለ እሱ ከበሩ። ድምፁ ደርቋል።

«መሃላቸው እውነተኛ ሴቲንግ አለ። የቱ ከየቱ እንደሆነ ስሙ አይለይም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የተሰየመው። የሰየመው ሰው ተጠቧል» አለ ባለሙያው። «የሚነግረኝ ካለ ይንገረኝ። ከሌለ አንድ በአንድ ነው።»

ሽቦ የቱ ከየቱ እንደሆነ በቃሏ ታውቀዋለች። አፏን ግን ማን ይክፈተው። ብትናገር «የኔ ናቸው» ማለት ነው፤ የናቀኝን ሰው ለምኜው ነበር ብሎ አክስቱ ፊት መናገር ነው። ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው እየተቀያየረች ቆመች። ሦስተኛው ወጣ። አራተኛው ወጣ። አምስተኛውን እትዬ ሲያነቡ ድምፃቸው ትንሽ ዘገየ፤ «‹ትናንት ስለ አንተ አላሰብኩም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማምሻው አሥራ አንድ ሰዓት ያለውን ካልቆጠርከው።›»

«ይህቺ ደግሞ ማን ናት?» አሉ።

ባለሙያው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ ቀጠለ፤ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። የሽቦ ጆሮ ግንዷ ይነዳል። የሳቀችባቸው፣ ያለቀሰችባቸው፣ በልቧ ያስቀመጠቻቸው መስመሮች በእትዬ ደረቅ ድምፅ እንደ ዕቃ ዝርዝር ይነበባሉ። አሥራ አራተኛው ላይ እትዬ ጀመሩትና መሃል ላይ ቆሙ።

«‹እናትሽ የአክስቴን ጨርቅ ትቆርጣለች፣ አንቺ የአክስቴን ሰርቨር ትጠብቂያለሽ፣ እኔ የአክስቴን...›»

መነጽራቸውን አወለቁ። መጀመሪያ እሱን አዩ። ቀጥለው ሽቦን። እንደገና እሱን።

«የማን አክስት?» አሉ።

«አንቺ ነሽ አክስቴ» አለ እሱ፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጥቶ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁሉም የኔ ናቸው፣ ጥፋቱም የኔ ነው። ጋሼ፣ ይብቃን፣ ያቁሙልን።»

«ቀጥል» አሉ እትዬ ለባለሙያው። «የቆመው የኔ ፋብሪካ ነው። ያቆመውን ነገር እስከ መጨረሻው አያለሁ።»

ሁሉም የኔ ናቸው አለ። ሽቦ ሰማችው። የናቀ ሰው እንዲህ ይላል? አንድ እርምጃ ወደሱ ተራመደች፤ ግን አሥራ ዘጠኙን ቀን ስታስታውስ መልሳ ደነደነች። ቁጥሩ ሃያ አለፈ፣ ሃያ አምስት አለፈ። ሠላሳኛው ወጣ። እትዬ ይህን ሲያነቡ ድምፃቸው ወርዶ ለራሳቸው የሚናገሩ መሰሉ።

«‹አክስቴ ባሕር ማዶ ያለው ሸሪኳ ዘንድ ለሦስት ዓመት ልትልከኝ ነው።›» ዞሩ። «የቀረውስ ምን ይላል?»

«ሂድ ወይም አትሂድ በይኝ ይላል» አለ እሱ። «አሁን ምን ያደርጋል አክስቴ። መልስ አላገኘሁም። ለዚህ ነው እሄዳለሁ ልልሽ የመጣሁት።»

መልስ አላገኘሁም። ሽቦ ጆሮዋን አላመነችም። ደርሶኛል አላለም ነበር? በር ተዘጋብኝ ያለውስ ምን ማለቱ ነበር? ነገሩ አልገጥም አላት፣ ልቧ ግን ከጭንቅላቷ ቀድሞ መሮጥ ጀመረ።

«አንድ ቀርቷል» አለ ባለሙያው። እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ ወደሷ ዞረ። ሽበቱን ያበቀለው በዚህ ሥራ ብቻ አይመስልም። «የመጨረሻው ነው፣ ከሱ ወዲያ ይነሳል። ከፈለግሽ ሳላስነብበው ላወጣው እችላለሁ።»

ቢያወጣው ሰርቨሩ ይነሳል፣ መኪኖቹ ይጫናሉ፣ ሽቦም አንገቷን ቀና አድርጋ ትወጣለች፤ ማንንም ለምና የማታውቅ ሽቦ። እሱም ይሄዳል። ስክሪኑን አየች። እሱን አየች፤ የእስክሪብቶ ክዳን በጥርሱ ነክሶ፣ መንከሱን ረስቶታል።

«አይ» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። «ያስነብቡት ጋሼ።»

ባለሙያው ተጫነው። ጽሑፉ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ።

እትዬ አነበቡ። «‹አትሂድ። ጉረኛ በለኝ፣ ቀበጥ በለኝ፣ የፈለግከውን በለኝ፣ ግን አትሂድ።›»

ሽቦ ዓይኗን ጨፈነች። ቆዳዋ ተገፎ የቆመች መሰላት። ደግሞም ቀለላት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

*

«መቼ ነው ይህን የጻፍሽው?» የሱ ድምፅ ነው። ቀርቧል።

«ሐሙስ» አለች ዓይኗን ሳትከፍት። «በጠየቅከኝ በአራተኛው ቀን። ሦስቱን ቀን ላንቆራጥጥህ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ረቡዕ ለምን ዘጋሽብኝ?»

ዓይኗን ከፈተች። «እኔ? ምኑን?»

«ፎልደሩን ነዋ። ረቡዕ ከሰዓት ልከፍተው ስል አይፈቀድልህም አለኝ። ስሜን እየደጋገምኩ ጻፍኩ፣ አይፈቀድልህም። አንድ ቃል ብለምናት፣ እሷ ቁልፌን ነጠቀችኝ አልኩ። ከዚህ በላይ ‹ሂድ› ምን አለ?»

«እኔ መች...»

ባለሙያው ጉሮሮውን ጠረገ። «ተራ ቁጥር ዘጠኝ» አለ፣ እንደማፈር ብሎ። «‹የሴቲንግ ፎልደሩ ከዋናው ሕንጻ ውጪ እንዳይከፈት ይደረግ።› ወረቀቱን የላክሁት እኔ ነኝ። የፎልደር ቁልፍ ደግሞ ሪስታርት አይጠብቅም፣ ወዲያው ነው የሚዘጋው።»

ተራ ቁጥር ዘጠኝ። እያፏጨች የሠራችው። አሥራ አራቱን በአንድ ጠዋት ጨረስኩ ብላ ለመጋዘኗ ጸሐፊ የጎረረችበት። በገዛ እጇ በሩን ከረቸመችና፣ ሐሙስ በተከረቸመው በር ውስጥ ቆማ «አትሂድ» ብላ ጮኸች። ማን ይስማት?

ኬብል ያለበት ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ሳይለይ አንድ ነገር ከውስጧ ወጣ። እሱ ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ኬብል ሁሉ ተራምዶ መጣና ከፊቷ ቁጢጥ አለ።

«አንብበህ የናቅከኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «በቀን ሃያ ጊዜ ነው የከፈትኩት።»

«እኔም ሃያ ጊዜ ነው የሞከርኩት። ሌላ ሰው አገኘች ብዬ...» ቃሉን አልጨረሰውም። «ፓስፖርቴን ሳሳድስ ለፎቶ ፈገግ በል አሉኝ። አልቻልኩም። ፎቶውን ብታይው የተያዘ ሌባ ነው የምመስለው።»

«አሁንም ትመስላለህ።»

«አትሂድ ያልሽውን አንቺው በአፍሽ በይኝ። ከስክሪን አይደለም።»

ሽቦ እትዬን አየች፣ ባለሙያውን አየች፣ እነሱ መኖራቸውን አየች። ከዚያ መልሳ እሱን ብቻ አየች። «አትሂድብኝ» አለች፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ። እሱም ግንባሩን ጉልበቷ ላይ አሳረፈ፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን የተሸከመውን ዕቃ ያወረደ ሰው ይመስላል። እጇ ጸጉሩ ላይ ደርሶ ቆመ፣ ያ ቀኑን ሙሉ አልረጋ ያለ እጅ።

ባለሙያው ፊቱን ወደ ሰርቨሩ አዙሮ ለመጨረሻ ጊዜ ተጫነ። ማራገቢያው ጮኸ፤ ጽሑፉ ወረደ፣ ወረደ፣ ሳይቆም እስከ ታች ሄደ። ከወለሉ በታች የመጋዘኑ ፕሪንተር መንጫጫት ጀመረ። ስልኩ ዝም አለ።

«ተነሳ» አለ ባለሙያው። «ከእንግዲህ በየወሩ እየዘጋሽ ታስነሺዋለሽ። ቀን መቁጠር ቀርቷል።»

«እሺ ጋሼ።» እንዲህ ለስልሳ እሺ ያለችበትን ቀን ራሷም አታስታውስም።

እትዬ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። «ትሄዳለህ?» አሉት የወንድማቸውን ልጅ።

ተነስቶ ቆመ። የሽቦን ጣቶች ግን አልለቀቀም። «አልሄድም አክስቴ።»

«ሸሪኬንስ ምን ልበለው?»

«ሰርቨር ወደቀብን በይው።»

የእትዬ ከንፈር ጥግ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ወዲያው ተመለሰ። ሽቦን ከእግር እስከ ራስ አዩዋት። «የቆራጯ ልጅ ነሽ አይደል?»

«ነኝ እትዬ።»

«እናትሽ ሃያ ሁለት ዓመት መቀስ ስትይዝ አንዲት ክንድ ጨርቅ አላበላሸችብኝም። አንቺ ፋብሪካዬን በአንድ ጠዋት አርባ ደቂቃ አቆምሽ።» ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አጠለቁ። «ስለ ልጄ ነገር እዚህ ኬብል መሃል ቆሜ አልነጋገርም። ወርጄ እናትሽን አነጋግራታለሁ።»

አስጠሩልኝ አላሉም። ወርጄ ነው ያሉት፣ እትዬ ቆረጣ ክፍል ወርደው። ሽቦ ቁጣ ይሁን ምርቃት መለየት አቃታት፤ ግን የጨበጠችው እጅ ጠበቅ ሲያደርጋት ነፍሷ መለስ አለች። ነፍሷ ስትመለስ ደግሞ ምላሷ ተከትሏት መጣ።

«እትዬ» አለች፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች። «የሰሙት እኮ የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ ነው። ደብዳቤዋ ሁለት ገጽ ናት፣ ታችኛው ከላይኛው ይበልጣል። እንደሷ ያለ በዚህ ፋብሪካ ተጽፎ አያውቅም። ቀሪውን ላንብብልዎት?»

እትዬ በሩ ላይ ቆመው መነጽራቸውን አጠፉ።

«ተይኝ ልጄ» አሉ። «ሰርቨሩ እንኳን ከአንዷ መስመር በላይ አልቻላትም።»